ርካሽና ፈጣን መኪና ጅማ ላይ ገዝቶ፣ ነድቶ፣ ሳይከስሩ ለመሸጥ

አንድ ጊዜ መኪናዬን ለሽያጭ ሳወጣት በሁለት ሳምንት ውስጥ አራት ገዢ መጣ። አራቱም ወደዷት። አንዱማ ቦዬ ድረስ ነድቷት ሲመለስ ፈገግታውን መሰብሰብ አቅቶት ነበር። ግን አንዳቸውም አልገዙም። አራቱም የመጡት መካኒክ ይዘው ነው። መካኒኩ ኮፋኖውን ከፍቶ ያያል፣ ዝም ይላል፣ ከዚያ ሰውዬውን ክንዱን ይዞ ወደ አጥሩ ጥግ ይወስደዋል። ምን እንደሚለው የሰማሁት በአራተኛው ላይ ነው፦ «ቆንጆ ናት፤ ግን የቆመች ቀን እኔን እንዳትጠራኝ።»

የመኪናዋን ስም አልጠራም። ከአውሮፓ የመጣች፣ ቱርቦ ያላት፣ ዳገት ላይ ስትረግጧት ወንበሩ ላይ የምትለጥፍ ዓይነት ነበረች። ስገዛት ርካሽ መስላኝ ነበር። በመጨረሻ አዲስ አበባ ወስጄ፣ ስንት ቀን ዘመድ ቤት አድሬ፣ ካሰብኩት በጣም ዝቅ ባለ ዋጋ ሸኘኋት። እዚህ ከተማ መኪና የሚገዛው ገዢው ሳይሆን መካኒኩ መሆኑ ያኔ ገባኝ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚያ የመጣ ነው። የሱዙኪ ስዊፍት ስፖርት፣ የቶዮታ ቪትዝ አርኤስ (ከተራዋ ቪትዝ የምትፈጥነዋ)፣ ባለ 1.8 ሊትር ማንዋል ኮሮላ፣ እንዲህ ያለ ትንሽ ሆኖ የሚሮጥ ነገር ላማራችሁ ነው የምጽፈው። ላንድክሩዘር የምትነዱ ይለፋችሁ።

1. ዋጋውን በብር ሳይሆን በቪትዝ ለኩት

ሳቁ፣ ግን ይሠራል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100ን አልፏል። ከዚያ በፊት መኪና ገዝቶ ከዚያ በኋላ የሸጠ ሁሉ «አተረፍኩ» ይላል። ያንኑ መኪና መልሶ ልግዛ ቢል ግን ጨምሮ ነው የሚገዛው። ስለዚህ ብር እንደ ሜትር አያገለግልም፤ ሜትሩ ራሱ ያጥራል።

እኔ የምለካው በተራዋ ቪትዝ ነው። ማንም ዋጋውን ያውቃል፣ በማንኛውም ቀን ይሸጣል። ቁጥሩ ለማሳያ ነው፦ በገዛችሁበት ቀን ደህና ቪትዝ 1 ሚሊዮን፣ የእናንተ ስዊፍት ስፖርት 1.3 ሚሊዮን ከነበረ፣ 1.3 ቪትዝ ከፍላችኋል። ከሦስት ዓመት በኋላ ቪትዝ 2 ሚሊዮን ሲገባ የእናንተን በ2.2 ሚሊዮን ብትሸጡ፣ በብር 900,000 «አተረፋችሁ»፤ በቪትዝ ግን ከ1.3 ወደ 1.1 ወረዳችሁ። በዛሬ ዋጋ 400,000 ብር ጠፍቷል ማለት ነው። ነዳጅና ጎማ ገና አልተቆጠረም።

ከመግዛታችሁ በፊት ሁለቱንም ዋጋ በአንድ ቀን ጠይቁና ጻፉት። ስልካችሁ ላይ ሳይሆን ወረቀት ላይ፤ ስልክ ይጠፋል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ዋጋውን እንደሚገፋው እወቁ። በአዋጅ ቁጥር 1186/2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ በሞተር መጠንና በመኪናው ዕድሜ ይለያያል። መስመሮቹ 1,300 እና 1,800 ሲሲ ላይ ናቸው፤ ትልቅ ሞተር ያለውና ያረጀው ላይ እስከ 500 በመቶ ይደርሳል። ከዚያ ጥር 2016 ላይ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለችው አሮጌ ፈጣን መኪና በቀላሉ አትወድቅም። ግን አትዘናጉ። የኤሌክትሪክ መኪና ገብቷል፣ ከቆመበት ሲነሳ ደግሞ እንኳን ስዊፍትን ሌላውንም ያስንቃል። «ትነሳለች» የሚለው ብቻውን የሚያስከፍልበት ዘመን እያለፈ ነው።

2. መኪናዋን ከማየታችሁ በፊት ጋራዥ ዙሩ

ይሄ ዋናው ነው፤ ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

ጅማ ውስጥ ሦስት ጋራዥ ምረጡ። ገዢ ይዞ የሚሄድባቸውን፣ ሰው የሚያምናቸውን። ጠዋት ሥራ ሳይበዛ ሂዱ። ቡና ጋብዙ፤ ጅማ ላይ ያለ ቡና ወሬ የለም። ከዚያ የሞዴሉን ስምና ዓመት ብቻ ተናገሩና ጠይቁ፦ ይቺን በወር ስንት ታያለህ? ኮምፒውተር መመርመሪያህ ያነባታል? ፍሪሲዮኗን አውርደህ ታውቃለህ? መጨረሻ ላይ፦ «ጋሼ፣ ወንድምህ ልግዛት ቢልህ ምን ትለዋለህ?»

የመጨረሻው ጥያቄ መልስ የሽያጭ ዋጋችሁ ነው። «ግዛት» ካለ፣ ነገ ይዞት ለሚመጣው ሰውም እንደዚያው ይላል። አንገቱን ካወዛወዘ፣ መኪናዋ በነጻ ብትመጣም አስቡበት።

ከዚያ ወደ ጅማው መርካቶ ወርዳችሁ መለዋወጫ ሱቆቹ ጋ ግቡ። አምስት ዕቃ ብቻ ጠይቁ፦ የፊት ፍሬን ሸራ፣ ዘይት ፊልትሮ፣ ካንዴላ፣ የፊት ሾክ፣ የፊት መብራት። በየዕቃው አጠገብ ከሦስት ቃል አንዱን ጻፉ፤ «አለ»፣ «ከአዲስ አበባ»፣ «በትእዛዝ»። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ችግር የለውም፣ ማታ ደውለው በነጋታው በአውቶቡስ ይልኩታል፣ መናኸሪያ ሄዳችሁ ትቀበላላችሁ። «በትእዛዝ» ሁለት ጊዜ ከተጻፈ ዋጋ አስቀንሱ። ሦስት ጊዜ ከተጻፈ ተዉአት። እኔ ለአንድ የካንዴላ ኮይል 17 ቀን ጠብቄያለሁ። ኮይሉ በእጅ የምትያዝ ነገር ናት። እነዚያን 17 ቀናት በባጃጅ ነው የከረምኩት፤ የባጃጁን ሂሳብ ደግሞ የመኪናዋ ወጪ ውስጥ ማንም አይጽፈውም።

መጀመሪያ ላይ የጠራኋቸውን ሦስት መኪኖች በዚህ ወንፊት ሳሳልፋቸው፣ ቪትዝ አርኤስን የሚቀድም የለም። ባለ 1.5 ሞተሯ፣ መካኒኮች «1ኤንዜድ» የሚሉት፣ 109 የፈረስ ጉልበት ገደማ አለው፣ ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰው ቀበቶ ሳይሆን ሰንሰለት ነው፣ ፕሮቦክስ ላይም ያሪስ ላይም ስላለ እጃቸው ለምዶታል። ስዊፍት ስፖርት ይበልጥ ደስ ትላለች፤ ከ2012 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራችው ባለ 1.6 ሞተር 125 የፈረስ ጉልበት አላት፤ ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያለችው 1.4 ቱርቦ ሆና ክብደቷ ከአንድ ቶን በታች ነው። ችግሩ የፊት ፓራውልቷ ከተራዋ ስዊፍት ይለያል፤ አንድ ባጃጅ ነካ ካደረጋት ፍለጋ ትገባላችሁ። ኮሮላ 1.8 ላይ ደግሞ ከ2002 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራውን «1ዜድዜድ» ሞተር ተጠንቀቁት፤ ዘይት በመብላት የታወቀ ነው።

3. የፈረስ ጉልበት ስትከፍሉ ከፍታውን ቀንሱ

ደላላ «125 ፈረስ ናት» ሲላችሁ፣ ያ ቁጥር የተሰላው ለባሕር ዳርቻ አየር ነው። (የጣናው ባሕር ዳር አይደለም፤ እሱም ከፍታ ነው።) ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል፣ አየሩ ስለሚሳሳ። ጅማ ወደ 1,750 ሜትር ላይ ናት። 125ቱ ፈረስ እዚህ ሲደርስ ወደ 103 ይሆናል፤ አዲስ አበባ ሲገባ ከዚያም ያንሳል። ቱርቦ ያላት አየሩን እየጨመቀች ስለምታስገባ ያን ያህል አትጎዳም። የቱርቦ ዋጋ የሚወደደው በከንቱ አይደለም። ግን ለ10 ተጨማሪ ፈረስ 200,000 ብር አትጨምሩ፤ ሰርቦ ሳትደርሱ ጠፍቶ ታገኙታላችሁ።

እግረ መንገዴን፣ ጅማ ላይ ማደያ ገብታችሁ «ኦክቴኑ ስንት ይሁንላችሁ?» የሚላችሁ የለም። የተገኘውን ነው፣ ያውም ተሰልፎ። አምራቹ ከፍ ያለ ኦክቴን፣ ማለትም ሞተር ሳያንኳኳ የሚነድ ቤንዚን፣ የሚፈልግላትን ሞተር በተገኘው ቤንዚን ስትነዷት ኮምፒውተሩ ጉልበቷን ራሱ ይቀንሳል፣ ሲብስም ታንኳኳለች።

4. የዓመቱን ወጪ ቁጭ ብላችሁ አስሉ

ነዳጅ። አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የድሮዋ ቱርቦዬ በሊትር 10 ኪሎ ሜትር ትሄድልኝ ነበር፤ 35 ሊትር። ቪትዝ አርኤሷ 14፤ 25 ሊትር። ደርሶ መልስ 20 ሊትር ልዩነት። የዕለቱን ዋጋ ራሳችሁ አባዙት፣ እኔ ብጽፈው እስክታነቡት ይቀየራል።

ጎማ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይበላል። ተራዋ ቪትዝ 165/70 ባለ 14 ጎማ ታደርጋለች። የጎማው የጎን ቁመት 115 ሚሊ ሜትር ነው፤ መሬቱ ሲመታት ጎማው ይቀበላል። ቱርቦዋ ስዊፍት ስፖርት 195/45 ባለ 17 ናት፤ የጎኑ ቁመት 88 ሚሊ ሜትር። ልዩነቱ ጣት ተኩል ቢሆን ነው። ያቺ ጣት ተኩል ግን ናት ከጉድጓዱና ከቸርኬው መሀል የምትገባው። የእኛ ኮብልስቶን ክረምት ላይ አንዱ ድንጋይ ሲነቀል ቦታው ውሃ ይሞላና ጠፍጣፋ ይመስላል። ገብታችሁ ትወጣላችሁ፣ ጎሚስታው ጋ ስትደርሱ ቸርኬው ተጣሟል። ያስተካክለዋል፣ ግን ከዚያ በኋላ በ90 ላይ መሪው ይንቀጠቀጣል፣ ገዢም ሲሞክራት የሚሰማው እሱን ነው። ስለዚህ ስትገዙ ጎማው በዚያ ቁጥር ጅማ ውስጥ ይገኝ እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ። ከአዲስ አበባ ብቻ የሚመጣ ከሆነ አራቱ አዲስ ናቸው ወይ የሚለው የዋጋ ድርድር ነው።

ኢንሹራንስ። የሦስተኛ ወገን ግዴታ ነው፣ አታልፉትም። ሙሉ መድን ከገባችሁ ግን የመኪናዋን ዋጋ በየዓመቱ አስተካክሉ። ዛሬ 2 ሚሊዮን የምታወጣን መኪና በድሮው ግምት 1 ሚሊዮን ብላችሁ ካስገባችኋት፣ የ100,000 ብር ጉዳት ሲደርስ ኩባንያው ግማሹን ብቻ ሊከፍል ይችላል። አረቦን ቆጥቤያለሁ ብሎ እንዲህ የተያዘ ሰው አውቃለሁ፤ ውሉን ያነበበው አደጋው ከደረሰ በኋላ ነው።

ዘይት፣ ቦሎ፣ ጽዳት፤ እነዚህ ከቪትዝ ብዙም አይለዩም። ፍሬን ሸራ ይለያል። ጊቤን የሚመላለስ ሰው ቁልቁለቱን በማርሽ መውረድ ካልለመደ ሸራውን እየቀየረ ይኖራል።

5. ስታዩአት

ዝናብ ላይ አትዩ። ጅማ ላይ ይሄ ከባድ ምክር መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን እርጥብ መኪና ሁሉ አዲስ ይመስላል። ዝናቡ እስኪያባራ ጠብቁና ፀሐይ ስትወጣ ከጎን ዝቅ ብላችሁ እዩ፣ ቀለሙ ሲሞገድ ይታያችኋል። ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልላችሁ በሮቹንና የኋላ ክንፉን ንኩ። ስቱኮ ያለበት ቦታ አይይዝም።

ሞተሩ ቀዝቅዞ ይሁን። ስትደርሱ ኮፋኖው ሞቆ ካገኛችሁት ቀድሞ አስነስቷታል ማለት ነው። «ነገ ጠዋት እመጣለሁ፣ እንዳትነካት» ብላችሁ ሂዱ። ጠዋት ስትነሳ ሰማያዊ ጭስ ካለ ዘይት ትበላለች። ነጭ ጭስ ሆኖ ከሞቀች በኋላም ካልጠፋ የቴስታታው ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) ነው፤ ይሄ ማለት ብዙ ብር።

ቪትዝ ከሆነች ደግሞ አንድ ነገር። ቪትዝ የሚለው የጃፓን ገበያ ስሟ ነው። ጃፓን ደግሞ መሪው በቀኝ ነው። እናም እዚህ መሪዋ ግራ የሆነ ቪትዝ ተቀይሮላት የመጣች ናት፤ ከፋብሪካው ግራ ሆና የምትወጣው ያሪስ ነች። መቀየሩ ክፉ አይደለም፣ ማን እንደቀየረው ነው ጉዳዩ። ዳሽቦርዱ ሲነኩት ይንቋቋል? መሪው ወደ አንድ ወገን ይከብዳል? ከሥሩ ብየዳ አለ? ከዚያ ዝናብ መጥረጊያውን አብሩት። ካልተቀየረ የሚጠርገው ለቀኝ ሹፌር ነው፤ በግራ በኩል ልክ ዓይናችሁ ፊት አንድ ጥግ ሳይጠረግ ይቀራል። ሐምሌ ላይ ከአጋሮ ማታ ስትመለሱ ያቺን ጥግ ታስታውሷታላችሁ።

የኪሎ ሜትሩን ቁጥር አትመኑት፤ ይመለሳል። የፍሪሲዮን ፔዳሉን ጎማ እዩት። 60,000 የነዳች መኪና ፔዳሏ መላጣ አይሆንም። ማንዋል ከሆነች በሦስተኛ ማርሽ ዳገት ላይ እግራችሁን ሙሉ ጫኑ፤ ሞተሩ እየጮኸ መኪናዋ ካልፈጠነች ፍሪሲዮኑ አልቋል። በፍጥነት ሲነዷት የኖረች መኪና መጀመሪያ የምትሰጠው እሱን ነው።

6. ወረቀቱ

ሊብሬው ላይ ያለውን የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ራሳችሁ ከብረቱ ላይ አንብቡ። ፈጣን መኪና ላይ ሞተር መቀየር የተለመደ ነው፤ የተቀየረው ሊብሬው ላይ ካልሰፈረ ስም ስታዞሩ ትያዛላችሁ። የዕዳና እገዳ ማጣሪያ ከመክፈላችሁ በፊት ይምጣ። ውል፣ ውልና ማስረጃ ፊት።

«በውክልና ውሰዳት፣ በኋላ ታዞራለህ» የሚል ካለ አመስግናችሁ ሂዱ። ውክልናውን የሰጠው ሰው ቢሞት ውክልናውም ያበቃል፤ ከዚያ ከወራሾች ጋር ነው ነገሩ። በውክልና የተያዘች መኪና ስትሸጥ ደግሞ ዋጋዋ ይወርዳል፣ ገዢው ይህን ያውቃልና። የደላላውን ኮሚሽንም መጀመሪያ ቁርጡን ተነጋገሩ፣ ማን እንደሚከፍልም ጭምር።

7. እየነዳችኋት

ደረሰኝ ያዙ። ዘይት የተቀየረበትን ቀንና ኪሎ ሜትር በአንድ ደብተር ጻፉ። ተራ ደብተር ነው፤ ገዢ ሲያየው ፊቱ ይለወጣል፣ መካኒክ ሲያየው ደግሞ የበለጠ።

ማርሚታ መቀየር፣ ሞላ ቆርጦ ማሳጠር፣ ጥቁር ላስቲክ፣ የሚጮህ ነገር፤ ወጣት ነን፣ ይገባኛል። ግን ያወጣችሁበትን አንድ ብር አትመልሱም። ማድረጋችሁ ካልቀረ ኦርጅናሉን አትጣሉ። ማርሚታውንም ሞላውንም ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ አስሩና አልጋ ሥር አስገቡት። ልትሸጡ ስትሉ ቅዳሜ አንድ ቀን ይበቃል፣ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። ያሳጠራችኋትን መኪና ቡና ነጋዴ አይገዛትም፤ ወደ እርሻው የሚገባው በእሷ አይደለም።

8. ስትሸጡ

ጅማ ላይ ወቅት አለ። ከጥቅምት ጀምሮ ቡናው ይለቀማል፤ ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር ላይ እጅ ላይ ገንዘብ ይኖራል። ያኔ አውጧት። መስከረም ላይ የትምህርት ቤት ክፍያና በዓል ተደራርቦ ሁሉም ሰው ሻጭ ነው፤ ያኔ ግዙ።

አዲስ አበባ ወስዶ መሸጥ ፈጣን መኪና ለሚወድ ገዢ ያቀርባችኋል። ግን ነዳጁን፣ ማደሪያውን፣ የጠፋውን የሥራ ቀንና የፋይል ማዘዋወሩን ጣጣ ቀንሱ። ከዚያ በኋላ ልዩነት ከተረፈ ሂዱ። ለእኔ የመጀመሪያዋ ላይ አልተረፈም።

ሁለተኛዋን ቪትዝ አርኤስ ነው የገዛሁት፣ ከላይ ባልኩት መንገድ። ሦስት ዓመት ነዳኋት፣ ደብተሯን ያዝኩ፣ ሁሌ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ታኅሣሥ ላይ ልሸጣት አወጣኋት። የመጀመሪያው ገዢ እንደ ልማዱ መካኒክ ይዞ መጣ። መካኒኩ ከመኪናው ሲወርድ አየሁት፤ ዘይት የሚቀይርልኝ ሰው ነው። ሰላም አልተባባልንም፣ ዓይን ለዓይን ብቻ። ኮፋኖውን ከፈተ። የዘይት ክዳኑን አውጥቶ በጣቱ ጠረገው፣ ጣቱን አየ፣ መለሰው። ደብተሩን ገልጦ ራሱ የጻፋቸውን መስመሮች ሲያይ ትንሽ ቆየ። ኮፋኖውን ዘጋ።

ገዢው «እህ?» አለው።

አልመለሰለትም። ክንዱንም አልያዘውም። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወደ እኔ ዞረና «የመጨረሻ ስንት ትላለህ?» አለኝ።